የክረምት እንግሊዝኛ በውጭ አገር፦ ከአዲስ አበባ ሲታይ ስንት ያወጣል፣ ምንስ ያስገኛል?

ሰኔ ሲጋመስ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም፣ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ይለወጣል። «የክረምት ማጠናከሪያ ምዝገባ ጀምረናል» ከሚለው የዘወትር ወረቀት ጎን አሁን አሁን ሌላ ጥሪ ይታያል፤ ልጅዎ ክረምቱን ለንደን፣ ማልታ ወይም ናይሮቢ አሳልፎ በእንግሊዝኛ አፉን ፈትቶ ይመለስ የሚል። ጥሪው የሚፈልገው ባለሀብቱን ብቻ አይደለም። «በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለው ጎላ ብሎ የሚጻፈው ዕቁብ ጥሎ፣ ውጭ ካለ ወንድሙ ትንሽ ተጨምሮለት፣ «ለልጄማ ምን ይበዛባታል» የሚል ወላጅም ቆም ብሎ እንዲያነበው ነው።

ያ ወላጅ ትክክለኛ ሒሳብ ይገባዋል። ሒሳቡ በአገር ስምና በሳምንት ብዛት ሲሠራ ያሳስታል። ልጁ በእንግሊዝኛ በሚያወራበትና በሚያነብበት ሰዓት ሲሠራ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ከሚለው የራቀ ይሆናል።

ጭንቀቱ እውነተኛ ነው

በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እስከዚያ ድረስ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲማር የቆየ ልጅ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ኬሚስትሪውንም በእንግሊዝኛ እንዲረዳ ይጠበቅበታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም የሚቀርበው በዚያው ቋንቋ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በቋንቋ ማመካኘት ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ያቃተው ተማሪ የፊዚክሱን ሕግ ቢያውቀውም መልሱን አይለየውም። ይህን ያየ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

መሐል ከተማ ባሉ የግል ትምህርት ቤቶች ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ልጆቹ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በእንግሊዝኛ ተምረዋል፤ ፊልሙን ያለ ትርጉም ይከታተላሉ፤ ዩቲዩብ ላይ የሰሙትን እንዳለ ይደግሙታል። የማያውቁት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «እስቲ ስለ ሰፈርህ ንገረኝ» ሲላቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው በአንድ ቃል ይመልሳሉ። ያላቸውን ቋንቋ ተጠቅመውበት አያውቁም።

እነዚህ ሁለት ልጆች የሚያስፈልጋቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ንባብና ቃላት ይጎድለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ አብሮት የሚያወራ ሰውና ድፍረት። ለአጭር ጊዜ ውጭ ሄዶ መማር ምን ይጠቅማል ብለው የተነሡ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚደርሱበት መደምደሚያም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ጥቂት ሳምንታት ከሁሉ በላይ የሚያሻሽሉት የንግግርን ቅልጥፍና ነው፤ ሰዋስውና ድርሰት ላይ የሚያመጡት ለውጥ ግን አነስተኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አንደበት የሚለካበት ክፍል የለም። ስለዚህ «ውጤቱ እንዲሻሻል» ብሎ ልጁን ለሦስት ሳምንት የሚልክ ወላጅ ገንዘቡን ያወጣው ላሰበው ነገር አይደለም። ዓይናፋሩን ልጅ የሚልክ ወላጅ ግን ሊሳካለት ይችላል።

ሃያ ትምህርት ስንት ሰዓት ነው?

በየአገሩ ያሉ የክረምት ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ፕሮግራማቸውን የሚሸጡት «በሳምንት 20 ትምህርት» እያሉ ነው። የአንዱ ትምህርት ርዝመት ብዙ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 20ው ትምህርት 15 ሰዓት ይሆናል፤ የሦስት ሳምንቱ ሲደመር 45 ሰዓት። የቋንቋ ደረጃ በአውሮፓው መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ይከፈላል። በእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ የሚታወቀው ካምብሪጅ በሚሰጠው ግምት አንድ ተማሪ ከጀማሪነት ተነሥቶ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400 ሰዓት፣ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600 ሰዓት የመምህር እገዛ ያለው ትምህርት ያስፈልገዋል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ 200 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። የሦስት ሳምንቱ ክፍል ከዚህ ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ወላጅ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ከክፍል ውጭ ላለው ሰዓት። ለቁርሱ፣ ለአውቶቡሱ፣ ለኳስ ሜዳው፣ ማታ ከአስተናጋጅ ቤተሰብ ጋር ለሚቀመጥበት ጊዜ። ልጁ ከክፍል ውጭ በቀን አምስት ሰዓት በእንግሊዝኛ ቢያሳልፍ በ21 ቀን 105 ሰዓት ይሆንለታል፤ ከክፍሉ እጥፍ በላይ። የውጭ አገር ክረምት ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በቀላሉ የሚባክነውም ይኸው ሰዓት ነው።

የሚባክንበት መንገድ ይታወቃል። አንድ ኤጀንት አሥር ልጆችን ከአዲስ አበባ በአንድነት ይዞ ከሄደ ልጆቹ ከክፍል በወጡ ቁጥር ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። እኩያ ከእኩያው ጋር ነው፤ ማንም ተቆጥቶ አያስቆማቸውም። ልጁ አክስቱ ቤት ካረፈም ያው ነው፤ አክስት የናፈቃትን ቋንቋ የምታወራበት ሰው አግኝታለች። ማታ ማታ ደግሞ ስልኩ አለ፤ ቴሌግራም ላይ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲጻጻፍ ያመሸ ልጅ ለንደን ውስጥ ሆኖ ካዛንቺስ ያድራል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚያቀርበውን ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ስለ ክፍሉ አይደለም። ከአንድ አገር የሚመጡ ተማሪዎች ቁጥር ገደብ አለው ወይ? ማደሪያ ክፍል የሚመደቡት ቋንቋ እየተቀላቀለ ነው ወይ? ከሰዓት በኋላ ያለው ጨዋታና ጉዞ በማን ይመራል? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የሌለው ፕሮግራም የሚሸጠው 45ቱን ሰዓት ብቻ ነው።

የልጁ የራሱ ደረጃም ወሳኝ ነው። ገና ጀማሪ ለሆነ ልጅ በዙሪያው ያለው ወሬ ጫጫታ ነው፤ አያቋርጠውም፣ አይገባበትም። በእኔ እምነት ወደ ቢ1 ያልተጠጋ ልጅ ለአጭር ጊዜ ውጭ መላክ የለበትም። ካምብሪጅም ብሪቲሽ ካውንስልም በኢንተርኔት የሚሠሩ ነፃ የደረጃ መለኪያዎች አሏቸው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል መለኪያም አለ፤ ልጁ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ያደረገውን ለአምስት ደቂቃ ያህል በእንግሊዝኛ ይናገር። እየተሳሳተም ቢሆን ካላቆመ ለመሄድ ተዘጋጅቷል። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ወደ አማርኛ ከተመለሰ ገንዘቡ መጀመሪያ እዚሁ ጥሩ አስጠኚ ላይ ይዋል።

ብሩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። ከለውጡ በፊት 3,000 ዶላር የሚያስወጣ ጉዞ 171,000 ብር ነበር። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው ያው ጉዞ 450,000 ብር ይሆናል። በመስከረም 2018 በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። የጉዞው ወጪ የዚህን ሰው የሦስት ዓመት ከሩብ ደመወዝ ይበላል፣ ያውም ግብር ሳይቀነስ።

እንግሊዝ አገር ውስጥ ማደሪያና ምግብ ያለው የታዳጊዎች ክረምት ትምህርት ቤት በሳምንት ከ1,000 ፓውንድ ማለፉ የተለመደ ነው። ፓውንዱን በ200 ብር ብንይዘው ሦስት ሳምንቱ 600,000 ብር ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ ገና አልተጨመረም። ከተማሪዎች ማደሪያ ይልቅ ቤተሰብ ጋር ማረፍ ያቀልላል። ከለንደንና ከኦክስፎርድ ይልቅ እንደ ሊቨርፑል ያሉ ከተሞችም ይቀላሉ፤ የሚሰጠው ትምህርት ግን በከተማው ስም አይለካም። በዋጋው ላይ የሚታከለው ደግሞ ሌላ ነው፤ የምዝገባ፣ ለታዳጊዎች ግዴታ የሚሆነው የአውሮፕላን ማረፊያ አቀባበል፣ የመድን፣ በሐምሌና ነሐሴ የሚጨመር የወቅት ክፍያ። እነዚህን ሳይደምሩ «ተመጣጣኝ» ማለት አይቻልም።

ቪዛ፦ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የሚታሰብ ጉዳይ

የአውሮፓ ወላጅ ርካሽ የክረምት ፕሮግራም ሲፈልግ የሚያወዳድረው ዋጋ ነው። የእኛ ወላጅ ግን ቪዛንም አብሮ ማሰብ አለበት፤ ብዙዎቹ «ርካሽ» የሚባሉ አማራጮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ማልታ ጥሩ ምሳሌ ናት። እንግሊዝኛ ከማልትኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋዋ ነው፤ ትምህርቷ ከእንግሊዝ አገር ይረክሳል፤ ከጣሊያንና ከስፔን በክረምት የሚጎርፈው ታዳጊ ብዙ ነው። ማልታ ግን በሼንገን፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ማኅበር፣ ውስጥ ናት። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ከአገር እንዲወጡ የተወሰነባቸውን ዜጎች በመመለስ ረገድ ኢትዮጵያ በቂ ትብብር አላደረገችም በሚል፣ በኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ ላይ ገደብ ጣለ። ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ፤ አንዳንድ ሰነዶችን በማቅረብ ረገድ ይደረግ የነበረው ማቅለያም ተነሣ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የማመልከቻው ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ አደገ። ሐምሌ 1 ቀን ለሚጀምር ትምህርት 45 ቀን ወደኋላ ሲቆጠር ግንቦት አጋማሽ ላይ ይደርሳል፤ ልጆች ለማጠቃለያ ፈተና በሚዘጋጁበት ጊዜ ወረቀቱ ተሟልቶ ገብቶ መሆን አለበት። ማስታወቂያውን ሰኔ ላይ አይቶ የተነሣ ሰው ለዚያ ዓመት አልፎበታል።

እንግሊዝ አገር እስከ ስድስት ወር ለሚቆይ የቋንቋ ትምህርት የተለየ የተማሪ ቪዛ አይጠየቅም፤ ዕውቅና ባለው ተቋም ከሆነ በመደበኛው የጎብኚ ቪዛ መማር ይቻላል። የዚህ ቪዛ ክፍያ በሚያዝያ 2017 ወደ 127 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የወላጅ ስምምነትና በዚያ የሚቀበለው ሰው ዝርዝር ያስፈልገዋል፤ ቪዛው ላይም ከአዋቂ ጋር ወይም ለብቻው እንደሚጓዝ ይጻፋል። አየርላንድ ከሼንገን ውጭ ስለሆነች ቪዛዋ ለብቻው ነው፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 60 ዩሮ። አሜሪካ ደግሞ በሳምንት 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚማር ልጅ የተማሪ ቪዛ ትጠይቃለች፤ ለማመልከቻው 185 ዶላር፣ ለተማሪ መመዝገቢያው 350 ዶላር። ልጁ ገና ለቃለ መጠይቅ ሳይቀርብ በ150 ብር ሒሳብ 80,250 ብር ወጣ ማለት ነው። የማመልከቻ ክፍያ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ክልከላው ራሱ ነው። የእንግሊዝም የአሜሪካም ማመልከቻ ቅጽ «ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። በ15 ዓመቷ ለሦስት ሳምንት ትምህርት አመልክታ የተከለከለች ልጅ በ18 ዓመቷ ስኮላርሺፕ አግኝታ ስታመለክት ያንኑ መጻፍ ግዴታዋ ነው። ቪዛ የሚመረምረው ሰው ደግሞ የሚያየው ባንክ ውስጥ ገንዘብ መኖሩን ብቻ አይደለም፤ ጉዞው ከቤተሰቡ ገቢ ጋር መመጣጠኑን ጭምር ነው። የሦስት ዓመት ደመወዙን ለሦስት ሳምንት ኮርስ የሚያወጣ ቤተሰብ ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል። ለማመልከቻው ብሎ ከዘመድ ተሰብስቦ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሒሳብ ላይ የገባ ገንዘብም እንዲሁ። ስለዚህ አቅምን የሚያናጋ ጉዞ የሚከለከልበት ዕድልም ሰፊ ነው። ኤጀንቶች ይህን ለወላጅ ሲነግሩ አልሰማሁም።

ናይሮቢ፣ ኪጋሊ

ከቦሌ ተነሥቶ ናይሮቢ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። እንግሊዝኛ በኬንያ ሕገ መንግሥት ከስዋሂሊ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ የትምህርት፣ የፍርድ ቤት፣ የቢሮ፣ የጋዜጣ ቋንቋም ነው። በእኔ ግምት መካከለኛ ገቢ ላለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ከሁሉም የሚቀርበው አማራጭ ይኸው ነው። ለቪዛ የሚወጣው ብር፣ ጭንቀቱና የክልከላ ሥጋቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ ከሚቀረው ገንዘብ ላይ ተጨማሪ ሳምንታት መግዛት ይቻላል።

ይሁንና ናይሮቢ መሄድ ብቻውን እንግሊዝኛ አያስተምርም። ኢስሊ የሚባለው ሰፈር የኢትዮጵያውያንና የሶማሌዎች መናኸሪያ ነው፤ እዚያ ዘመድ ቤት ያረፈ ልጅ ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ጎረቤቱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ያገለግሉታል። የናይሮቢ ወጣቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው ሼንግ የሚባለውን፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን የከተማ ቋንቋ ይናገራሉ። ስለዚህ ልጁ አዋቂ የሚመራው፣ እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋ የሆነበት ቦታ መግባት አለበት።

የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር እዚህ ላይ ይጠቅማል። የኬንያ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን የሚጀምሩት በጃንዋሪ ነው፤ ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት በኦገስት መጀመሪያ ገደማ ያበቃል። የእኛ ሐምሌ ሲገባ የኬንያ ልጆች ገና ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ሐምሌ ሲያልቅ ለእረፍት ይወጣሉ። በእረፍቱ የመዋኛ፣ የእግር ኳስ፣ የኮምፒውተር፣ የሥዕል ካምፖች ይከፈታሉ። ለቢ1 ልጅ ከቋንቋ ኮርስ ይልቅ እንዲህ ያለው ካምፕ የተሻለ ነው እላለሁ፤ እንግሊዝኛው ትምህርት ሳይሆን ሥራ ይሆንለታል፣ ኳሱን ለመቀበል መጮህ አለበት። በዚያው ጊዜ መምህራኑም እረፍት ላይ ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት የሚያስጠና ጥሩ የእንግሊዝኛ መምህር ማግኘት ከሌላው ወቅት ይቀላል። ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች ተስማምተው አንዲት እናት ከልጆቹ ጋር ሄዳ አንድ አፓርታማ ብትከራይ ወጪው ለየልጁ ሲካፈል ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ግን ልጆቹን በተለያየ ካምፕ ማስገባት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ተመልሰን አማርኛው ውስጥ ነን።

የእንግሊዝ አገር አንድ ጠቀሜታ መረሳት የለበትም። እዚያ ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች በብሪቲሽ ካውንስል ይመረመራሉ፤ ልጅ የሚያሳርፉ ቤተሰቦች በፖሊስ መዝገብ ይጣራሉ፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ዘመዱ ካልሆነ ሰው ጋር 28 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ለአካባቢው አስተዳደር ማሳወቅ ግዴታ ነው። ናይሮቢ ላይ ይህን ቁጥጥር በአብዛኛው የሚተካው ወላጅ ራሱ ነው። ልጅን ያለ አዋቂ የሚልክ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ሊያይለት፣ የሚያድርበትን ቤት ሊያውቅለት ይገባል። በየብስ በሞያሌ በኩል መላክ ርካሽ ቢሆንም ለብቻው ለሚጓዝ ልጅ አልመክረውም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ቀደም ብሎ ማውጣት አይዘንጋ።

ኪጋሊም ይጠቀሳል። ሩዋንዳ ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች በሯን ከፍታለች፤ ከተማዋ ጸጥተኛና ንጹሕ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመቀየር ወስናለች። ከክፍል ውጭ ግን ሕዝቡ የሚኖረው በኪንያሩዋንዳ ነው። ያ የ105 ሰዓቱ ሒሳብ ኪጋሊ ላይ ይሳሳል።

ወረቀቱና ደላላው

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ያየሁት ነገር የዚህን ጉዳይ ክብደት ያሳያል። አንዲት እናት ከፌስታል ያወጣቻቸውን ወረቀቶች ባንኮኒው ላይ ትደረድራለች፤ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የባንክ ዝርዝር፣ ከመሥሪያ ቤቷ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ውልና ማስረጃ ያጸደቀው የአባት ስምምነት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ወጣት ስካን እያደረገች ቆየችና «ማዘር፣ ይሄኛው ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም» አለቻት። የአያትየው ስም በልደት ወረቀቱ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ተጽፏል። እናትየው መነጽሯን አውጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያየቻቸው። አጠገቧ የቆመችው ልጅ «እማ፣ ይቅር በቃ» አለች በዝግታ። «አይቀርም» አለች እናት፣ ወረቀቱን ወደ ፌስታሉ እየመለሰች፤ «ነገ ወረዳ እሄዳለሁ።»

እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ የሚያጋጥም ነው፤ ስማችን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያልና። ሌላም አለ። በእኛ ልማድ እናት በአባቷ ስም ስለምትጠራ የእናትና የልጅ ፓስፖርት የሚጋሩት ስም የለም፤ የውጭ አገር ሠራተኛ ዝምድናቸውን የሚያውቀው በተረጋገጠ የልደት ወረቀት ብቻ ነው። ዋናው ሰነድ ተተርጉሞና ተረጋግጦ በእጅ መያዝ አለበት። መደበኛ ፓስፖርት ማውጣት ብቻ 5,000 ብር ነው፤ አስቸኳዩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ፓስፖርቱና የልደት ወረቀቱ ጥር ወይም የካቲት ላይ ቢስተካከሉ በሰኔ የሚመጣው ግርግር ይቀንሳል፣ የአስቸኳይ ክፍያውም ይተርፋል።

ወረቀቱ ሲያሰለች ነው «ለእኔ ተዉት፣ ቪዛውን በዋስትና አስወጣለሁ» የሚለው ሰው የሚመጣው። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ነው፤ ሌላ ማንም ሰው ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም። በሐሰተኛ የባንክ ወረቀት የቀረበ ማመልከቻ ቢያዝ ስሙ የሚበላሸው የልጁ ነው፤ ደላላው ስልኩን ቀይሮ ይቀጥላል። ማጣራቱ ከባድ አይደለም። የእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ከሆነ ስሙ በብሪቲሽ ካውንስል የዕውቅና ዝርዝር ውስጥ መኖሩን በኢንተርኔት ማየት፣ ከዚያም በትምህርት ቤቱ በራሱ አድራሻ በቀጥታ መጻፍ። ክፍያው በትምህርት ቤቱ ስም በባንክ ይሂድ፤ ባንኩ የቅበላ ደብዳቤና የክፍያ ሰነድ ስለሚጠይቅ ይህ መንገድ ራሱ አንድ ማጣሪያ ነው። ቪዛ ቢከለከል ምን ያህሉ እንደሚመለስ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የክልከላውን ደብዳቤ አይተው የምዝገባውን ብቻ አስቀርተው ይመልሳሉ፤ መካከል ላይ ያለው ሰው የተቀበለው ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ

የማይሄዱት ይበዛሉ፤ ስለ እነሱም መነገር አለበት። ይህች ከተማ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። ከናይጄሪያ፣ ከጋና፣ ከኬንያ፣ ከዚምባብዌ የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እዚሁ ነው፤ የእነሱም ልጆች ክረምቱን የሚያሳልፉበት እኩያ ይፈልጋሉ። አብዛኞቻችን ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር በሱፐርማርኬት ተራ እንተያያለን እንጂ ልጆቻችን አብረው ሲጫወቱ አይታይም።

ሒሳቡን በዚያው መለኪያ እንሥራው። አምስት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው እንግሊዝኛ አሳምሮ የሚናገር አንድ አስጠኚ ቢቀጥሩና አምስቱ ልጆች በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ቢቀመጡ 90 ሰዓት ይሆናል። የውጭ አገሩ የሦስት ሳምንት ክፍል 45 ነበር። ቡድኑ ትንሽ ስለሆነም እያንዳንዱ ልጅ አፉን የሚከፍትበት ጊዜ ብዙ ነው። ቅድም ያልኩት የሁለተኛው ዓይነት ልጅ፣ ማለትም የሚያውቀውን ለመናገር የሚፈራው፣ እዚህ ድፍረት ሊያገኝ ይችላል፤ በተለይ ከአምስቱ አንዱ አማርኛ የማይችል ልጅ ከሆነ። ያ አንድ ልጅ ካለ ሌሎቹ ወደ አማርኛ የሚሸሹበት መንገድ ይዘጋል።

ንባብ የጎደለው ልጅ ደግሞ መጽሐፍ ይፈልጋል። አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በነፃ የሚያገለግል ነው፤ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ በሚወርድበት ነሐሴ ልጅን ጠዋት አድርሶ ከሰዓት መውሰድ ይቻላል። ለዚህ ልጅ የምመክረው ከአቅሙ ጥቂት ዝቅ ያለ የእንግሊዝኛ ታሪክ መርጦ በየቀኑ ማንበብ፣ ያነበበውንም ማታ ለአንድ የቤት ሰው በእንግሊዝኛ መንገር ነው። የሚሰማው ሰው እንግሊዝኛ ባይችልም ጉዳት የለውም።

ልጃቸውን ለመላክ የወሰኑ ቤተሰቦች ከሁሉ የሚስማማው ጊዜ የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ክረምት ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብሔራዊ ፈተናው ክረምቱ ውስጥ ሊገባበት ስለሚችል ቀን ቆርጦ ቲኬት መግዛት አይመችም። ስልክን በሚመለከት ከመሄድ በፊት መስማማት ያስፈልጋል፤ በቀን አንዴ ከቤት ጋር መነጋገር፣ ከአዲስ አበባ ጓደኞች ጋር የሚደረገው ጽሕፈት ግን ለቅዳሜ ይቆይ። ከተመለሱ በኋላም በንግግር የተገኘው ቅልጥፍና ካልተጠቀሙበት በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ልጁ እዚያ ያገኛቸው ሁለት ሦስት ጓደኞች ካሉ በሳምንት አንዴ በቪዲዮ እንዲነጋገሩ ማመቻቸት የኢንተርኔት ጥቅል ከመግዛት ያለፈ ወጪ የለውም፤ ስለዚህ የጓደኞቹን ወላጆች ስልክ ከመመለሱ በፊት ይዞ ይምጣ።